ጣውንቴን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ

ቀሚስ ልታሰፋ የምትመጣ ደንበኛዬ ሁሉ «ወሎ ደርሰሽ መጣሽ አሉ፤ እንዴት ነው አገሩ?» ትለኛለች። ለአንዷ ተርኬ ሳልጨርስ ሌላዋ ትገባለች፤ በዚህ መሀል የስንቱን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ከሐዋሳ ርቃችሁ የማታውቁ፣ ደሴንም ኮምቦልቻንም የማየት ዕድል የማይገጥማችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። አስቀድሜ ግን ልናገር፤ መንገዱን ብቻዬን አልሄድኩትም። ከጣውንቴ ጋር ነበርኩ።

ጣውንቴ ካሜራ ናት። ባለቤቴ ታምራት ፎቶ አንሺ ነው፤ ፎቶ ቤቱን የዘጋው በቅርቡ ነው። እኔን ከማግባቱ በፊት፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ ፈረንጅ የገዛት የጀርመን ካሜራ አለችው። እንደ እሷ ያሉት የተሠሩት ጥቂት ናቸው ይላል፤ አሮጌ ካሜራ የሚሰበስቡ ሰዎች ዛሬ በመብራት ቢፈልጓት አያገኟትም። ዓይኗ ሁለት ነው፣ አንዱ ካንዱ በላይ። እንደ ሌላው ካሜራ ፊት ላይ አስጠግተው አያዩባትም፤ ሆድ ላይ አስደግፈው፣ ክዳኗን ከላይ ከፍተው፣ አንገት ደፍተው ወደ ውስጧ ነው የሚያዩት። ታምራት ለእኔ አንገቱን የደፋበትን ቀን አላስታውስም። ለእሷ ግን ዕድሜውን ሙሉ ደፍቷል። ልጆቻችንም እኔም እንዳንነካት ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነበር የምትኖረው።

አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል። ፊልሙም እንደ ልብ አይገኝም። የማድቤታችን ጣሪያ ያፈሳል። ስለዚህ ሊሸጣት ቆረጠ። ገዢው ኮምቦልቻ የሚኖር፣ ሰይድ የሚባል የጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነው። በአካል ተያይተው አያውቁም፤ የአሮጌ ካሜራ ወዳጆች በሚጫወቱበት የስልክ ግሩፕ ተዋውቀው፣ ይኸው ስንት ዓመታቸው፣ ማታ ማታ ይደዋወላሉ። እኔ ራት ሳቀርብ እነሱ ስለ መስታወት ያወራሉ። ታምራት ወገቡን ስለሚያመው ያን ሁሉ መንገድ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ አይችልም። በሰው እንላካት ስለው «ሞቼ ነው?» አለ። «ብዙዬ፣ አንቺው ውሰጃት።»

እሺ ያልኩት ከቤቴ ስትወጣ በዓይኔ ለማየት ነው።

የመጀመሪያው ቀን

ጠዋት ተነስቶ ሲጠቀልላት አየሁት። የጠቀለላት እኔ በገዛሁለት ሹራብ ነው።

«እንዳይበርዳት ነው?» አልኩት።

«እንዳትጋጭ ነው» አለ፤ ነገሬ አልገባውም።

እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አልዘረዝረውም። ቃሊቲ የእህቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ታምራት ደወለና «ደረሳችሁ?» አለኝ። ልብ በሉ፤ «ደረስሽ» አላለም። እኔ ጉንፋን ለያዛት ለእህቴ ልጅ ልብስ ስደራርብላት፣ እሱ ሦስት ጊዜ የጠየቀኝ ቦርሳው መሬት ላይ ነው ወይስ አልጋ ላይ እያለ ነው። አልጋ ላይ ናት አልኩት። መሬት ላይ ነበረች።

ሁለተኛው ቀን

ላምበረት መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ደርሼ የደሴን አውቶቡስ ያዝኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ለቁርስ ስንወርድ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እኛ ሐዋሳ ብርድ የምንለው ነገር እዚያ ሙቀት ነው። ደብረ ሲና ላይ በጉም ውስጥ ተንከባለልን ወረድን፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ጋቢ የለበሰው ሁሉ ጋቢውን አውልቆ ማራገቢያ አደረገው። በአንድ ቀን ክረምትም በጋም የሚያሳይ መንገድ ነው።

ሙቀቱ ጉድ አመጣብኝ። ከላዬ ዕቃ መጫኛው ላይ አንዲት እናት ቅቤ በፕላስቲክ ባልዲ አስቀምጠው ኖሯል፤ ቀለጠና በክዳኑ ሥር መንጠብጠብ ጀመረ። የመጀመሪያው ጠብታ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቦርሳዋን ብድግ አድርጌ በሁለት እጄ ወደ መተላለፊያው ዘረጋሁ። እሷ አንድ ጠብታ አልነካትም። አዲሱ ቀሚሴ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ ቅቤ ሆነ። በገዛ ልብሴ፣ ያውም በራሴ እጅ በሰፋሁት፣ ጣውንቴን አዳንኩ። ባለቅቤዋ እናት «ውይ በሞትኩት ልጄ» እያሉ በነጠላቸው ሲጠርጉኝ የባሰውን አዳረሱት። ልቆጣ ብዬ አዘንኩላቸው፤ ለአራስ ልጃቸው መጠየቂያ ይዘውት የሚሄዱት ቅቤ ነው።

ከዚያ ወዲያ ኬላ ላይ ወረድን። ፈታሹ ሹራቡን ፈትቶ ሲያያት «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ካሜራ ነው።»

«ይሄ? የቱ ጋ ነው የሚታየው?»

አላውቅም ልለው አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ አብራኝ ኖራ አንድ ቀን አይቼባት አላውቅም። «አሮጌ ነው፣ አይሠራም» አልኩት። በመንገድ ሁሉን ያጫወትኳቸው ባለቅቤዋ እናት ከኋላዬ «የባሏ ናት እንዲያው ልቀቃት ልጄ፤ እሷንም በቅቤ የለወስኳት እኔ ነኝ» አሉት። ሰውዬው ቀሚሴን አየና ሳቀ፤ አለፍን።

ኮምቦልቻ የደረስነው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ በዚህ ሐዋሳን ትመስላለች፤ ግን ሐይቅ በሚሆንበት ቦታ የፋብሪካ ጣሪያ ነው ያለው። የፈረቃ መውጫ ሰዓት ነበርና መንገዱ በሠራተኛ ተሞላ። ጥጥ ፀጉራቸው ላይ የቀረባቸው ልጃገረዶች፣ የሥራ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል እንዳደረጉ፣ ተቃቅፈው ያልፋሉ።

ሰይድ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሽበት ጣል ያደረገበት፣ ረዘም ያለ ሰው ነው። «አሰላሙ አለይኩም፣ ወይዘሮ ብዙነሽ፤ እንኳን ደህና መጡ» አለና እጁን የዘረጋው ወደ ቦርሳው ነው። አልሰጠሁትም።

ቤቱ ስገባ ሚስቱ ዘሀራ ቀሚሴን አይታ ሰላምታዋን እንኳ አልጨረሰችም። «ያረብ፣ ምን ነካዎት እህቴ? ይግቡሳ፣ ይግቡ፤ ያውልቁት» ብላ ወደ ውስጥ ወሰደችኝ። የራሷን አረንጓዴ ቀሚስ አለበሰችኝ፤ የእኔን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈችው። ቀሚሷን ያወጣችው ከሻንጣ ነው። ቁምሳጥን እያለ ለምን ሻንጣ እንደሆነ ገረመኝ፤ ወዲያው ገባኝ። ቁምሳጥኑ በመስታወት በር የተሠራ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ካሜራ ተደርድሮበታል።

ለራት የቀረበልኝ የማሽላ እንጀራ በምስር ወጥና በጎመን ነው። «ሥጋችንን ይበሉ እንደሁ ስላላወቅሁ ሥጋ አልሠራሁም» አለች ዘሀራ። እነሱም በእኔ ምክንያት ምስሩን አብረውኝ በሉ። እንዲህ ያለውን አሳብ የሚያስብ ሰው በየትም አገር ጥቂት ነው።

ከራት በኋላ ሰይድ እጁን ሁለቴ ታጥቦ፣ ሹራቡን ፈታ። ሲይዛት አየሁት። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ታምራት ነው ቁርጥ። ዓይኖቿን በለስላሳ ጨርቅ አበሰ፣ ጆሮው ላይ አስጠግቶ አንድ ነገር ጫን አደረገና ድምጿን ሰማ። «ማሻአላህ፤ ታምራት እንዳለኝ ናት» አለ። ቀጥሎ ሳያስበው፣ «እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ያኔ ከአምና በፊት፣ ‹ሰይድ፣ እኔ ካቃተኝ አንተ ጋ ትምጣ› ብሎኝ ነበር» አለኝ።

ከአምና በፊት? እኔ የማውቀው እጁ የታመመው ባለፈው ክረምት እንደሆነ ነው። ከዚያ በፊት ሻይ ሲያፈስ አይቼው «ምነው?» ስለው «ኩባያው ነው፣ ጆሮው ላልቷል» ብሎኝ፣ እኔ ሞኟ ሄጄ አዲስ ኩባያ ገዝቻለሁ። ለሚስቱ ኩባያ፣ ኮምቦልቻ ላለ በዓይኑ አይቶት ለማያውቅ ሰው ግን እውነቱን። እስከዚያች ሰዓት የምቀናው በአንዲት ካሜራ ብቻ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኑብኝ።

ማድቤት ተነስቼ ገባሁ። ዘሀራ ዕቃ ታጥባለች። ፊቴን አየችና «እርስዎ» ማለቷን ተወች።

«አትሽጭለት» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባሌ ሌላ ቢያገባብኝ ጣውንቴን አውቃት ነበር፤ እሷም እኔም ተራ ይኖረን ነበር። እነዚህ ግን ተራ የላቸውም። ልብሴ ሻንጣ ውስጥ ነው ያለው፣ አይተሻል። ሰሞኑን ሁለቱን ይዞ ወጣና አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ለካስ ያንቺን ሊያስገባ ነው። ወላሂ፣ እህት ዓለም፣ ይዘሽልኝ ሂጂ።»

ሳቅሁም፣ እንባዬም መጣ። «ደሴ ሌላ ገዢ አለ» አልኳት።

ሦስተኛው ቀን

እውነትም ነበረ። ታምራት ካሜራዋን ሊሸጥ መሆኑ ሲሰማ፣ ደሴ ሆጤ ሰፈር ካፌ ያለው ኤርሚያስ የሚባል ሰው ከሰይድ የሚበልጥ ዋጋ ሰጥቶ ነበር። ታምራት «ለሰይድ ቃል ገብቻለሁ» ብሎ ተወው። እኔ ግን ቃል አልገባሁም። ጠዋት ሰይድ ወደ ፈረቃው ሲሄድ «ደሴን ሳላይ አልመለስም» ብዬ የዘሀራን ቀሚስ እንደለበስኩ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቦርሳውን እንደያዝኩ አይቷል፤ ምንም አላለም።

የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ሚኒባሱ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይናጣል፤ ኮምቦልቻ ከታች ሄዳ ሄዳ ቁራጭ ጨርቅ ታክላለች። ደሴ ሌላ አገር ነው። በግማሽ ሰዓት መንገድ ከላብ ወደ ብርድ። ከተማው በገደል ላይ የተሰቀለ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ብስክሌት ይዞ የሚንሸራሸር ሰው እዚህ ቢመጣ ብስክሌቱን ተሸክሞት ነው የሚውለው። ጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ነበር፤ ጉሙ እየወረደ መንገድ ላይ ሰው ከሰው ያጋጫል። ሆጤን የጠየቅኳት ሻጭ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ዳገቱን አብራኝ ወጥታ፣ ካፌው በር ላይ አድርሳኝ ተመለሰች።

ኤርሚያስ ጥሩ ልጅ ነው፤ ክፉ ልናገርበት አልፈልግም። ብርድ ሲመታኝ አይቶ ሻይ በቅመም ደጋገመልኝ። ካፌው ሞቅ ያለ ነው፤ በየግድግዳው አሮጌ ሬዲዮ፣ አሮጌ ስልክ። በየጠረጴዛው ላይ ደግሞ መብራት። ጠጋ ብዬ ሳየው መብራቱ ካሜራ ነው፤ ሆዱ ተፈልፍሎ አምፖል ገብቶበታል።

ካሜራዋን በአንድ እጁ አነሳት፤ በሌላው ስልኩን ይዟል። ገለበጣት። «ይቺማ መግቢያው ላይ የምትንጠለጠል ናት። ከሥር በመሰርሰሪያ እበሳትና ሽቦ አሳልፋለሁ፤ በሁለቱም ዓይኗ ብርሃን ይወጣል። እማማ፣ ያምራል ስልዎት።»

አልዋሻችሁም፤ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ባሌን አንገት ያስደፋች ተበስታ ስትንጠለጠል፣ ማንም ሻይ ጠጪ ከሥሯ ሲተላለፍ ታየኝ። «ይሁን፣ ውሰዳት» ልል አፌን ስከፍት፣ ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት ካሜራዎች ተቀምጠው አየሁ። እንደ ሌሎቹ አቧራ የላቸውም። ተወልውለው ያበራሉ።

«እነዚያስ?» አልኩት፣ የእኔዋን ከእጁ ተቀብዬ።

«ገና አልሠራኋቸውም። አንድ የኮምቦልቻ ሰው ነው በቀደም የሸጠልኝ፤ ሰይድ ይባላል። የሆነ ነገር ሊገዛ ቸኩሎ ነበር። ከሰጠኝ በኋላ መልሶ ተቀብሎኝ አንድ ጊዜ ጠርጓቸው ነው የሄደው።»

ሻዬን አስቀመጥኩ። የሆነው ነገር ጭኔ ላይ ያለችው ናት። ሰውዬው የእኔን ጣውንት ለመቀበል የራሱን ሁለቱን ወደ መሰርሰሪያ ሰዷል። ማታ አንድም ነገር አልነገረኝም፤ ጠዋትም ቦርሳዬን አይቶ ወዴት እንደምወስዳት ሳይጠረጥር አልቀረም። እንግዳ ስለሆንኩ አልተናገረኝም።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሐሳቤን ለወጥኩ» አልኩት ኤርሚያስን። ዋጋ ጨመረ። እምቢ አልኩት። አልተቀየመኝም፤ እስከ መናኸሪያ ባጃጅ ከፍሎ ሸኘኝ።

ኮምቦልቻ ስመለስ ሰይድ ከሥራ አልመጣም። ዘሀራ ቦርሳውን እጄ ላይ አይታ «አልሸጥሻትም?» አለች፤ ፊቷ ጠቆረ። ስለ ሁለቱ ካሜራዎች ነገርኳት። ያጠበችውን ቀሚሴን ገመድ ላይ ልታሰጣ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ያኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ካሜራዋን ፈታሁና ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልትሸጥ ነው፤ ምን እንደሚታይባት እንኳ ሳላውቅ ልትሄድ ነው። ታምራት ሲከፍታት ከሩቅ አይቼ አውቃለሁ። ክዳኗን ጫን ሳደርገው በአራት ማዕዘን እንደ ትንሽ ሳጥን ቆመ። አንገቴን ደፍቼ አየሁ።

ዘሀራ ውስጧ ነበረች። ትንሽ፣ ብሩህ፣ ከእውኑ የጠራች። ወደ ቀኝ ስትራመድ በመስታወቱ ላይ ወደ ግራ ትሄዳለች። እርጥብ ቀሚሴን ስትዘረጋው ውሃው ፍንጥር ፍንጥር ሲል አየሁት። በዓይኔ ሳያት ግቢ፣ አጥር፣ ጣሪያ ነበር፤ እዚህ ውስጥ ግን ሌላው ሁሉ ቀርቶ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ዘሀራ ሦስቴ ጠርታኝ አልሰማኋትም።

«ምን አለው?» ብላ መጣች። ሰጠኋት። እኔ ገመዱ ሥር ሄጄ ቆምኩ። እሷም አንገቷን ደፋች፤ ደፍታ ቀረች።

«ብዙነሽ» አለች ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣ «አንቺ ለካ ሸጋ ነሽ። ባልሽ በዚህ አንስቶሽ ነው ዝም የሚለው?»

«በእሷ አንስቶኝ አያውቅም። ፊልሙ ለደንበኛ ነው ይላል።»

አሁንም ቀና አላለችም። ካሜራ የምትጠላው ሴት ወደ ግራ ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ሂጂ ትለኝ ጀመር፤ እየተገላበጠባት ትስቃለች። እኔ ደግሞ ልብሴ እስኪደርቅ እዚያው ቆሜ፣ እጇ ላይ ያለችውን አያለሁ። መሸጤን ጠላሁት። ጣውንቴ ናት ብዬ የኖርኩት ያቺ ነገር የእኔም ልትሆን ትችል ነበር። አሁን ግን የሰይድ ሁለት ካሜራዎች ተሸጠዋል፣ ቃል ተገብቷል፤ ያገኘኋት ቀን ልሰጣት ነው።

ሰይድ ሲገባ እንዲህ አገኘን። በሩ ላይ ቆመ።

«አቶ ሰይድ» አልኩት፣ «ካሜራዋን የምሸጠው በተስማማችሁበት ዋጋ ነው። ግን ለእርስዎ አይደለም፤ ለዘሀራ ነው። ማንሳቱን ያስተምሯታል። እርስዎ ሲፈልጓት ከእሷ ያስፈቅዳሉ።»

«ዘሀራ ካሜራ አትወድም እኮ» አለ።

«ይቺን እወዳታለሁ» አለች ዘሀራ፤ አሁንም ከእጇ አላስቀመጠቻትም።

ገንዘቡን አምጥቶ ለዘሀራ ሰጣት፤ ዘሀራ ለእኔ። ስለ ደሴው መብራት ልነግረው ጀመርኩ፤ «አውቄ ነው የሰጠሁት፣ አብሽሩ» ብሎ አቋረጠኝ። ከዚያ ወጥቶ ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ፣ እጅ እግሩን ሊታጠብ ሲጎነበስ፣ ውሃው ከማሰሮው አልቆ ባዶውን ሲያዘነብል አየሁት።

ታምራት ደወለ። «ሰጠሻት?»

«ሰጠኋት።»

«ሰይድ ምን አለ?» አለኝ ቀጥሎ። ስልኩን ለሰይድ አቀበልኩትና ማድቤት ገባሁ።

አራተኛው ቀንና ከዚያ ወዲህ

ዘሀራ በሶ፣ ቴምርና ትኩስ ዳቦ ቋጥራ፣ አረንጓዴ ቀሚሷንም «የአንቺ ነው፤ ከእኔ ወዳንቺ ሄደ» ብላ አብራ ቋጥራ ሸኘችኝ። ስንለያይ «ዱአ አድርጊልኝ፣ እጄ እንዲረጋ» አለችኝ። መንገዱን ሙሉ ጭኔ ላይ ምንም አልነበረም፤ እጄን የማደርግበት አጣሁ። ሐዋሳ ስገባ የሐይቁ ነፋስ ፊቴን ሲነካው አገሬን መናፈቄን ያኔ አወቅሁ።

ጣሪያው ተሠራ። ባዶው መሳቢያ ውስጥ አሁን ክርና ቁልፍ አስቀምጬበታለሁ።

በቀደም ማታ ሰይድ አንድ ፎቶ በስልክ ላከ። ሰይድ ራሱ ነው፤ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ኮፍያው ወደ ግንባሩ ወርዶ እንቅልፍ ወስዶታል። ፎቶው ትንሽ ዘንበል ብሏል። ግን የፋብሪካውን ድካም ሁሉ አፉ ዳር ላይ ታዩታላችሁ። ታምራት በሁለት ጣቱ እያሰፋ፣ መነጽሩን እያወለቀ እያጠለቀ አየው።

«ማን ነው ያነሳው?»

«ዘሀራ ናት።»

«ይቺ ሴትዮ ዓይን አላት» አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን፣ የሙሽራ ቀሚስ ሰፍቼ ከተማውን ሳለብስ፣ ለእኔ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። በዘሀራ ቀናሁ። ያገባችብኝ ያህል ቀናሁ።

«ለእኔ አንድ ቀን ‹ነይ እዪባት› ብለኸኝ አታውቅም» አልኩት።

ስልኩን አስቀመጠና አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። «ልይባት ብለሽኝም አታውቂ» አለ።

እውነቱን ነው። ቢሆንም ያን ማታ ራቱን አቅርቤለት ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።